ትልቅ ፊልም ትልቅ የሚሆነው በምንድር ነው?

ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሥራ ሁሉ ትልቅ ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ይህ ነገር በሕንፃም በመንገድም የታወቀ ሲሆን፥ በዘመናችን ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በሲኒማ ነው። ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰባቸው ፊልሞች በየዓመቱ ከአሜሪካ ይወጣሉ፤ ከተማ ሲፈርስ፥ ባሕር ሲነሣ፥ ከዋክብት ሲፈነዱ ያሳያሉ። ተመልካቹም ሁለት ሰዓት ያህል ሲደነቅ ቈይቶ ከአዳራሹ በወጣ ጊዜ ያየውን ሁሉ እዚያው ትቶት ይሄዳል። ከነዚህ መካከል ግን አልፎ አልፎ አንዳንዱ ሰውን እስከ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል፤ ከዓመታትም በኋላ አይለቀውም። ልዩነቱ ከምን የመጣ እንደ ሆነ በአንድ ፊልም ምሳሌነት ለመመርመር እንወዳለን።

እንዲህ ያሉትን ታላላቅ ፊልሞች ፈረንጆች «ብሎክበስተር» ይሏቸዋል። ቃሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተያያዙ ሕንፃዎችን ባንድ ጊዜ ለሚያፈርስ ከባድ ቦምብ የተሰጠ ስም ነበረ፤ በኋላ ግን ሕዝብ እየተጋፋ ለሚያየው ፊልም መጠሪያ ሆነ። ስያሜው የብዙዎችን አዘጋጆች ሐሳብ ይገልጣል፤ የፊልም ኀይል እንደ ቦምብ በድምፁና በሚያፈርሰው ነገር ብዛት የሚለካ ይመስላቸዋልና።

ለምሳሌ የመረጥነው «ኢንተርስቴላር» የተባለው ፊልም ነው፤ ትርጓሜውም «በከዋክብት መካከል» ማለት ነው። አዘጋጁ ክሪስቶፈር ኖላን ሲሆን፥ ድርሰቱን ከወንድሙ ከጆናታን ጋራ ጽፎ በ2014 ዓ.ም. ለሕዝብ አሳየው። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ወጪው 165 ሚሊዮን ዶላር ያህል፥ ርዝመቱም 2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ምድር እህል ማብቀል ተስኗት፥ በሽታ አዝመራውን በየዓይነቱ አጥፍቶ፥ ለሰው ምግብ የሚሆን በቈሎ ብቻ ቀርቷል፤ አቧራው እንደ ደመና ተነሥቶ በየቤቱ ላይ ይወርዳል። ኩፐር የሚባል ቀድሞ አብራሪ የነበረ ገበሬ፥ ሚስቱ ሞታበት፥ ከሁለት ልጆቹና ከአማቱ ጋራ ይኖራል። ለሰው ዘር ሌላ መኖሪያ የሚሆን ዓለም ለመፈለግ የሚላከውን የጠፈር መንኰራኵር እንዲነዳ ተጠየቀ። ሙርፍ የምትባለው የ10 ዓመት ሴት ልጁ አትሂድብኝ ብላ አለቀሰች፤ እሱም እመለሳለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷት ሄደ። ከዚህ በኋላ በፊልሙ የሚታየው የሰማዩ ስፋት ሁሉ የዚያ ቃል መለኪያ ነው። የፊልሙም ጥበብ ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው ብንል አንሳሳትም።

መለያየቱ የተገለጠበትን መንገድ እንመልከት። ከዚያ ቀደም ልጅቱ አባቷን ለመከተል ፈልጋ በመኪናው ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሳ ተሸሽጋ ነበር። አባቷ ተሰናብቶ መኪናውን ሲነዳ ያንኑ ብርድ ልብስ ገልጦ ያያል፤ ከሥሩ ግን ማንም የለም። እሱ ገና በእርሻው መንገድ ላይ ሳለ ሮኬት ሲነሣ ወደ ታች የሚቈጠረው ቍጥር ከወዲሁ ይሰማል፤ ወዲያውም መንኰራኵሩ ከምድር ይነሣል። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን በዚህ መካከል የልምምዱን ወራት፥ የመሣሪያውን ብዛት፥ የሹማምንቱን ንግግር ባሳየን ነበር። ኖላን ግን ይህን ሁሉ ቈርጦ ጣለው፤ ተመልካቹ ወደ ሰማይ የሚወጣው ባዶውን ብርድ ልብስ እያሰበ ነው።

የታሪኩ ትልቅነት የቆመው በጊዜ ላይ ነው። አልበርት አይንሽታይን በ1915 ዓ.ም. ባወጣው ትምህርት መሠረት፥ ከባድ አካል ባለበት አጠገብ ጊዜ ይዘገያል። ይህ ልብ ወለድ አይደለም፤ መንገድ ለማመልከት በሰማይ የሚዞሩት ሳተላይቶች ሰዓታቸው ከምድር ሰዓት በቀን 38 ማይክሮሰከንድ ያህል ስለሚቀድም፥ ልዩነቱ ታስቦ ካልታረመ በቀር ምልክታቸው ይሳሳታል። በፊልሙ ግን መንገደኞቹ የሚደርሱበት አንድ ዓለም ብርሃን እንኳ በማያመልጥበት በጥቍር ጕድጓድ አጠገብ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ እዚያ የሚያሳልፉት አንድ ሰዓት በምድር 7 ዓመት ይሆናል። በሰማይ ያለው ጊዜ እንደ ምድሩ እንዳይቈጠር ከመጻሕፍት ለተማረ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ለተራው ተመልካች ግን ከባድ ነው።

ለዚህ ሥራ አማካሪ የነበሩት የፊዚክሱ ሊቅ ኪፕ ቶርን ናቸው፤ እኚህ ሰው በኋላ በ2017 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ኖላን አንዱን ሰዓት 7 ዓመት ለማድረግ በጠየቃቸው ጊዜ መጀመሪያ የማይሆን ነገር መስሏቸው ነበር፤ ኋላ ግን በሒሳብ ቢመረምሩት ጥቍሩ ጕድጓድ ተፈጥሮ ከፈቀደችለት የመጨረሻ ፍጥነት እጅግ ተጠግቶ የሚሽከረከር ከሆነ እንደሚቻል አገኙ። አዘጋጁ በዚህ ቍጥር የጸናበት ምክንያት ግልጥ ይመስለናል። አንድ ሰዓት አንድ ወር ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚጐዳው ናፍቆት ብቻ በሆነ ነበር፤ 7 ዓመት ሲሆን ግን አባት በጥቂት ስሕተት የልጁን ልጅነት በሙሉ ያጣል። እንግዲህ የሒሳቡ ልክ የተቈረጠው በኀዘኑ ልክ ነው።

የጥቍሩ ጕድጓድ ሥዕልም የተሠራው ቶርን በሰጡት የሒሳብ ቀመር ነው። አንዳንዱን ቅጽበት በኮምፒዩተር ለመሣል እስከ 100 ሰዓት ድረስ ወስዷል፤ ከዚያ የተገኘውም ዕውቀት በ2015 ዓ.ም. በሳይንስ መጽሔት ታትሟል። በ2019 ዓ.ም. የእውነተኛው ጥቍር ጕድጓድ ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም በታየ ጊዜ፥ በዙሪያው ያለው ብርሃን በአንድ ወገን ደምቆ በሌላው ደክሞ ተገኘ። የፊልሙ ሠሪዎች ይህ መሆን እንደሚገባው ያውቁ ነበር፤ ዳሩ ግን ተመልካቹ እንዳይደናገር ብለው ብርሃኑን አስተካክለው ትተውታል። እኛም አንነቅፋቸውም። እውነትን ለማክበር የደከመ ሰው ከእውነቱ የሚተወውንም አውቆ ይተዋል፤ ሳያውቅ ከሚስተው ጋራ አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ፊልሙ ልብ እንግባ። መንገደኞቹ ከዚያ ውሃ ብቻ ከሞላበት ዓለም በጭንቅ አምልጠው ወደ መርከባቸው ሲመለሱ፥ በምድር ያለፈው ጊዜ 23 ዓመት ሆኖ ያገኙታል። ጠብቋቸው የነበረው ጓደኛቸው አርጅቷል። ኩፐር ይቀመጥና በነዚያ ዓመታት የተጠራቀመውን መልእክት ይመለከታል። ወንድ ልጁ ጐልማሳ ሆኖ ይታያል፤ ቈይቶ ሚስት ማግባቱን፥ ልጅ መውለዱን፥ ልጁም መሞቱን፥ በመጨረሻም ተስፋ መቍረጡን ይናገራል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ መልእክት ልካ የማታውቀው ሙርፍ ትመጣለች፤ አሁን ዕድሜዋ አባቷ ጥሏት በሄደ ጊዜ ከነበረው ዕድሜ ጋራ አንድ ሆኗል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የምናየው አንድ ወንበር፥ አንድ መስኮት የሚያህል ሥዕል፥ አንድ የሚያለቅስ የሰው ፊት ብቻ ነው። ከ165 ሚሊዮኑ ዶላር እጅግ ትንሹ የወጣው በዚህ ሥፍራ ሳይሆን አይቀርም፤ ፊልሙን አይተው የወጡ ሰዎች ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ይህንን ነው። ለመንግሥት ሥራ ወደ ሩቅ ጠረፍ ተልኮ፥ ሲመለስ የገዛ ልጁ እንደ እንግዳ እጅ የነሣው ሰው፥ ነገሩን ለማስተዋል የፊዚክስ ትምህርት አያስፈልገውም።

ነገር ግን ያ ልቅሶ ብቻውን አልመጣም። አስቀድሞ በደረቅ ንግግር «አንዱ ሰዓት ሰባት ዓመት ነው» ተብሎ ሕጉ ተነግሮን ነበር፤ በውሃው ዓለም ላይ የሚጠፋውን እያንዳንዱን ደቂቃ እኛው ራሳችን በልባችን ስንቈጥር ቈይተናል። ስለዚህ መልእክቱ ሲከፈት የሚያስረዳን ሰው አያስፈልግም። ጀምስ ካሜሮን በ1997 ዓ.ም. ባወጣው «ታይታኒክ» በተባለው ፊልም ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ክፍል መርከቢቱ እንዴት ውሃ እንደ ገባባት፥ እንዴትም ለሁለት እንደ ተሰበረች፥ ከአደጋው ለተረፈችው አሮጊት በኮምፒዩተር ሥዕል እንደ ቀላል ነገር ያሳያታል። ከረዥም ጊዜ በኋላ አደጋው ሲደርስ ተመልካቹ የሚመጣውን ያውቃልና መደንገጡ ቀርቶ መጨነቅ ይዠምራል።

ስለ ዜማውም ጥቂት እንበል። ኖላን ለዜማው ደራሲ ለሃንስ ዚመር ፊልሙ ስለ ጠፈር መሆኑን ሳይነግረው፥ ስለ አባትና ስለ ልጅ ብቻ የሚናገር አንድ ገጽ ጽሑፍ ላከለት። ዚመርም የራሱን ልጅ እያሰበ በአንድ ቀን አጭር ዜማ ሠራ። የታሪኩን ስፋት የሰማው ከዚያ በኋላ ነው፤ የፊልሙም ዜማ ሁሉ የበቀለው ከዚያች ትንሽ ዜማ ነው። የተመረጠውም መሣሪያ በለንደን ከተማ፥ በ1185 ዓ.ም. በተቀደሰው ቴምፕል ቸርች በተባለው ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ትልቅ ኦርጋን ነው። ኦርጋን እንደ ሰው ትንፋሽ ካልገባበት ድምፅ አይሰጥም፤ አየር በሌለበት ጠፈር ለተጣሉ ሰዎች ታሪክ የሚስማማ ምርጫ ነው።

ስለ ምድሩም የተደረገው ጥንቃቄ ከሰማዩ አያንስም። በካናዳ አገር በአልበርታ 500 ኤከር ያህል መሬት በእውነት በቈሎ ተዘራበት። በፊልሙ መጀመሪያ ስለ አቧራው ዘመን የሚመሰክሩት ሽማግሌዎች፥ ከአንዲት ተዋናይት በቀር፥ ተዋናዮች አይደሉም፤ በ1930ዎቹ በአሜሪካ የእርሻ አገር የወረደውን የአቧራ መቅሠፍት በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ቃላቸውም ኬን በርንስ በ2012 ዓ.ም. ካወጣው የታሪክ ፊልም በፈቃድ የተወሰደ ነው። ሊመጣ ስላለው ዘመን የሚናገር ልብ ወለድ ባለፈው ዘመን በደረሰ እውነተኛ መከራ መሠረቱን ጣለ ማለት ነው።

ፊልሙ ነቀፌታ የለበትም አንልም። የዜማው ድምፅ በአንዳንድ ሥፍራ ንግግሩን እስኪውጠው ድረስ ይበረታል፤ በወጣበት ጊዜ ብዙ ተመልካቾች ቢያጕረመርሙም፥ አዘጋጁ ሆነ ብዬ ያደረግሁት ነው ብሎ መልሷል፤ መልሱ ግን ያልሰማውን ሰው አያሰማውም። እንደዚሁም ከመንገደኞቹ አንዲቱ ሴት ፍቅር ጊዜንና ቦታን የሚያልፍ ኀይል ስለ መሆኑ የምታደርገው ረዥም ንግግር ባይኖር ይሻል ነበር። ባዶው ብርድ ልብስ የነገረንን ነገር እንደ ገና በቃል ማስረዳት ተመልካቹን ማሳነስ ነው።

በመጨረሻው ክፍል አባትየው ቃሉን ጠብቆ ይመለሳል፤ እሱ ሳያረጅ ልጁ ግን አርጅታ፥ በልጆቿና በልጅ ልጆቿ ተከባ በሞት አልጋ ላይ ያገኛታል። ወላጅ የልጁን ሞት ማየት አይገባውምና ሂድ ትለዋለች፤ እሱም ይሄዳል። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ፊልም ለዚህ መገናኘት የሰጠው ጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑ አንዳንዶችን ቅር አሰኝቷል። ለእኛ ግን ልኩ ይኸው ነው፤ በክፍሉ ውስጥ የቆሙት ዘመዶች ሁሉ ለእሱ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸውና ከዚያ በላይ የሚቈይበት ቦታ የለውም። ፊልሙ በ10ኛው ዓመቱ በ2024 ዓ.ም. በአሜሪካ በትላልቅ አዳራሾች እንደ ገና በታየ ጊዜ፥ ብዙ ሰው በቤቱ ሊያየው ሲችል፥ በየአዳራሹ ቲኬቱ አስቀድሞ ተሽጦ አልቆ ነበር።