የመካነ ኢየሱስ ቄስ እንዴት ይጠራል?

የሸማ ተራ ነጋዴዎች የዕቁብ ዳኛ ሲመርጡ ምርጫው በአባላቱ ያበቃል፤ የሉተራውያን ቄስ አጠራር ግን እዚያ ላይ አይቆምም። በ1530 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ፣ በ14ኛው አንቀጹ፣ በሥርዓት ያልተጠራ ሰው በአደባባይ እንዳያስተምር ይከለክላል። በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስም ከዚሁ ሥርዓት ትቀዳለች፤ ምእመናንና ሽማግሌዎች ለዕጩው ቢመሰክሩለትም፣ በነገረ መለኮት ሠልጥኖ እጅ ተጭኖበት የሚሾመው በሲኖዶሱ በኩል ነው።

«ወጪውን የሚሸፍነው ምእመን ነውና እሱ ብቻ ይምረጥ» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሰው ያልፈለገውን እረኛ በግድ አይሰማምና። ነገር ግን ቄሱ የመራጮቹ ተቀጣሪ ብቻ ከሆነ፣ ሲያጠፉ በምን አፉ ይገሥጻቸዋል? ጥሪ ከደመወዝ አልፎ ያስራል፦ የዚህችው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር እንዲወጡ መንገድ ቢመቻችላቸውም መንጋቸውን ጥለው አልሄዱም፤ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ።