ጭራቁን ማን እናድርገው?

የጊየርሞ ዴል ቶሮ «ካቢኔት ኦፍ ኪዩሪዮሲቲስ» ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነበር። እኛ ሰፈር፣ ጎንደር አዘዞ፣ የደረሰው ግን ቆይቶ በፍላሽ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በግጭቱ ሳቢያ በክልላችን በአማራ በተቋረጠባቸው ወራት ፊልም የሚዞረው ከእጅ ወደ እጅ ነበር። ከመሸ ወጣ ማለት ስለቀረ ሁሉም በጊዜ በሩን ይዘጋል። ትልቅ ቴሌቪዥን ያለው አክስቴ ቤት ስለሆነ መብራት ባለ ቀን እዚያ እንሰበሰባለን፦ አክስቴ፣ ልጆቿ፣ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችንና ግቢው ውስጥ የተከራዩ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች።

ላላያችሁት፣ ተከታታዩ ስምንት ክፍል አለው፤ ስምንቱም ራሳቸውን የቻሉ ታሪኮች ናቸው። ዳይሬክተሩም፣ ተዋናዩም፣ ዘመኑም በየክፍሉ ይቀየራል። ሁለተኛውን ሳታዩ አምስተኛውን ብትከፍቱ የሚያመልጣችሁ ነገር የለም። ክፍሉ ሲጀምር ዴል ቶሮ ራሱ አንድ ግዙፍ ቁምሳጥን አጠገብ ቆሞ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገርና የዳይሬክተሩን ስም ጠርቶ ይሄዳል። በጣም የምወደው አሠራር ነው። ሽማግሌ ምድጃ ዳር ተቀምጦ «አንድ ሰው ነበረ» ሲል የሚመጣው ዝምታ ቤቱ ውስጥ ይመጣል።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ፊልሙ ጥራት ሳይሆን አብረውኝ ያዩት ሰዎች ስላሉት ነገር ነው። ውጭ አገር ያሉ ተቺዎች ስለ ጭራቁ አሠራር፣ ስለ ቀረጻው፣ ስለ አስፈሪ ታሪክ ጸሐፊው ላቭክራፍት ሲያወሩ አንብቤያለሁ። አክስቴ ቤት የተነሣው ክርክር ሌላ ነው፤ ስለ ፍርድ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል «ሎት 36» ባለቤቱ የተወውን የዕቃ ማከማቻ በጨረታ ገዝቶ የሚቸረችር፣ ስደተኛ የሚጠላ መራራ ሰው ታሪክ ነው። አንዲት ስደተኛ ሴት የቤተሰቤን ዕቃ መልስልኝ ብላ ስትለምነው ያመናጭቃታል። መጨረሻ ላይ ጭራቁ ሲያሳድደው በሩ ማዶ ያለችው እሷው ናት፤ አልከፈተችለትም። የዕቃ ማከማቻ ኪራይ የሚባለውን ነገር ለአክስቴ ለማስረዳት ጊዜ ወስዶብን ነበር። ፍጻሜውን ለማስረዳት ግን ማንም አፉን አልከፈተም። «ይበለው!» አለች አክስቴ፣ ነጠላዋን እያጣፋች። ሁለተኛው፣ ከመቃብር የወርቅ ጥርስና ጌጣጌጥ የሚሰርቀው ሰውዬ ታሪክ፣ ከዚያም ይባስ ያለ ማብራሪያ አልፏል። አይጦቹ ሲወርሩት ጎረቤታችን ከወንበራቸው ሳይነሡ «የሙታን ዕረፍት ነክቶ ምን ሊጠብቅ ነበር?» አሉ። የፈራ ሰው አልነበረም። ፍርድ ቤት ውሳኔ ሲነበብ የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር።

ተማሪዎቹ «ዘ አውቶፕሲ» ላይ ነው የቀለጡት። እኔም ከስምንቱ በአሠራር የማስበልጠው እሱን ነው፤ ሽማግሌው ሐኪም ባዕዱን ፍጡር የሚያሸንፍበት መንገድ ለቀናት ከአእምሮ አይወጣም። «ዘ ቪዊንግ» ላይ ግን ግማሹ ሰው ተኝቷል፤ አልፈርድባቸውም፣ ክፍሉ አብዛኛው ወሬ ነው።

የመጨረሻው፣ የጄኒፈር ኬንት «ዘ መርመሪንግ»፣ ሁላችንንም ቀይሮናል። ሕፃን ልጃቸው የሞተችባቸው ባልና ሚስት ወፍ ሊያጠኑ ባሕር ዳርቻ ወዳለ ባዶ ቤት ይሄዳሉ። ሴቲቱ ስለ ልጇ አንድ ቃል አትተነፍስም። ሌሊት ሌሊት የሕፃን ልቅሶ ትሰማለች። ቤቱ ውስጥ መንፈስ አለ፤ አክስቴ ግን መንፈሱን ከጉዳይም አልቆጠረችው። «ለቅሶ የደረሰላቸው ሰው የለም እንዴ? ሠልስት የለ፣ ጎረቤት የለ… እንዲህ ብቻዋን ጥለዋት እንዴት አታብድ?» ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ለእሷ አስፈሪው ነገር ሐዘን ሳይወጣ መቅረቱ ነው። በክፍሉ መጨረሻ ሴቲቱ አፏን ከፍታ ከባሏ ጋር ስለ ልጇ ማውራት ስትጀምር ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ከስምንቱ አንደኛ ያሉት እሱን ነው።

ይህንን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። እኛ አገር አስፈሪ ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። የጎንደር ሰው ቴሌቪዥን ከማየቱ በፊት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይ በእሳት መካከል ያለውን ዲያብሎስ አይቷል። የበላዔ ሰብእን ታሪክ ሰምቷል። ደግሞ እንደ ታሪክ ካያችሁት ያንን የሚያህል አስፈሪ ነገር የት ይገኛል? እንግዳ ተቀባይ የነበረ ሰው በሰይጣን ተታሎ የገዛ ልጁን ያርዳል፣ ሥጋውን ይቀምሳል፣ ከዚያ ሰው በላ ይሆናል። 78 ሰው ይበላል። ቤተሰቡ ሳይቀር። ከዚያ በውኃ ጥም የሚሠቃይ ለምጻም መንገድ ላይ ያገኘዋል። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። በሚዛን ላይ ያቺ ጥርኝ ውኃ ትመዝናለች። የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ይህ ታሪክ ሲነበብ የሚሰማው ሕዝብ ልቡ የሚንጠለጠለው ሰውዬው ሲበላ ሳይሆን ሚዛኑ ሲያጋድል ነው። ታሪኩ በጭራቁ ላይ በሩን አይዘጋም።

በዚህ ያደገ ተመልካች መጨረሻው የተቆረጠ፣ ጥፋተኛውም ንጹሑም አብረው የሚጠፉበት ታሪክ ሲያይ ቅር ቢለው አልፈርድበትም። ፊልም አይገባውም የሚሉ ልጆች አሉ፤ ተሳስተዋል። ይገባዋል። የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ክፉ ነገር በማን ላይ መጣ፣ ለምን መጣ፣ ማን ይመልሰዋል?

ስምንቱን ጨርሰን ስንነሣ አንደኛው ተማሪ ሁሌ የሚባለውን አለ፦ «የኛን ለምን አይሠሩትም? ዛሩን፣ ቡዳውን። ጎንደር ላይ እኮ ስምንት አይደለም ሰማንያ ክፍል ይወጣል።» ሁሉም ተስማማ። እኔም ግማሹን እስማማለሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ግን የማልስማማበት ግማሽ ነው።

ዛሩ ይሠራ። እንዲያውም ሥራው ተጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ለወራት ሰፍሮ ነበር። (የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕሎች ከግድግዳ አንሥቶ የወሰደውም ይኸው ቡድን ነው፤ ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።) ከቡድኑ ውስጥ ሚሼል ሌሪስ የሚባል ጸሐፊ ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ሆኖ መልካም አየሁ ከተባሉት የታወቁ ባለ ዛር ቤት እየዋለ ያየውን ሁሉ መዘገበ። ዛር የሰፈረበት ሰው «ፈረስ» እንደሚባል፣ ጋላቢው ሲወጣ ድምፁና አካሄዱ እንደሚለወጥ፣ ቡናው፣ ዕጣኑ፣ ከበሮው፣ ጉሪ የሚባለው ውዝዋዜ፣ እያንዳንዱ ዛር የራሱ ስም፣ ማዕረግና ጠባይ እንዳለው ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ሥርዓቱን ከቲያትር ጋር አነጻጽሮ አጠናው፤ የሚጫወቱት ሳይሆን የሚኖሩት ቲያትር ነው አለ። ምሽት ላይ ተሰብሳቢው በእልልታና በጭብጨባ እየተቀበለ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው እየወጣ፣ በየቀኑ ባለ ታሪኩ የሚቀየርበት ትዕይንት ነው። ከዚህ በላይ ለተከታታይ ፊልም የተመቸ ምን አለ?

ቡዳው ግን ሌላ ነው። በዛር ታሪክ ውስጥ መንፈሱ ስም አለው፣ ማደሪያው ግን የትኛውም ቤት ሊሆን ይችላል። በቡዳ ታሪክ ውስጥ ጭራቁ አድራሻ አለው። ሙያ አለው። ሸክላ ሠሪ ነው፣ ቀጥቃጭ ነው፣ ሸማኔ ነው። ቀን ሰው ሆኖ ውሎ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባለው ማንም ሰው አይደለም፤ ጎረቤት መንደር ያለው፣ በስም የሚታወቀው ነው።

ዳባት ገበያ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ምጣድ ትመርጣለች። ምጣዱን በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን ሰማች፣ ገለበጠችው፣ ተከራከረች፣ ዋጋ ቀነሰላት። ሻጯ ቀና ብላ ሕፃኑን ስታይ እናትየው ፈጠን ብላ የነጠላዋን ጫፍ በፊቱ ላይ ጣለችበት። አንገቱ ላይ ክታብ ታስሯል። ሻጯም አየች፤ ዓይኗን ወደ መሬት መልሳ ብሩን ቆጠረች። ሴትየዋ ምጣዱን ይዛ ሄደች። በዚያ ምጣድ ለዓመታት እንጀራ ትጋግርበታለች፤ ቤተሰቡ ይበላበታል፤ የሠራችው ሴት ግን ሕፃኑን ማየት አይፈቀድላትም።

ይህ ከየት መጣ? በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው ተባለ ይባላል። የአይሁድ እምነት ተከታዮቹ ቤተ እስራኤል መሬት ሲያጡ በእጃቸው ሥራ አደሩ፤ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸመኑ፣ ጎንደር ስትቆረቆርም በግንበኝነትና በአናጢነት አገለገሉ። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ገንቦው ከእነሱ ይመጣል። ያለ እነሱ የማይኖረው ባላገር «ጅብ ይሆናሉ» አላቸው። ስሙ ከቤተ እስራኤል አልፎ የሌላውንም እምነት ባለ እጅ ሁሉ ተከተለው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ፤ ሠራተኛውን እያዋረዱ አገር አይለማም ብለው። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ቀረ ወይ ብትሉኝ ገበያ ያየሁትን ነግሬያችኋለሁ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ፣ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረችው ወለቃ አለች። ነዋሪዎቿ ገሚሱ በሱዳን በኩል፣ ገሚሱ በግንቦት 1983 ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ በተነሣበት በረራ ወደ እስራኤል ሄዱ። ሸክላው ዛሬም መንገድ ዳር ይሸጣል።

እንግዲህ አንድ ወጣት ዳይሬክተር ካሜራ ይዞ ደጋ ወጥቶ፣ ጭጋጉን፣ የሰሜንን ገደል፣ የጅቡን ድምፅ አቀናብሮ፣ መጨረሻ ላይ ሸክላ ሠሪዋ ቆዳዋን ቀይራ ጅብ ስትሆን ቢያሳየን በጣም ያምር ይሆናል። እንፈራለንም። በማግሥቱ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ የአንዲት ሸክላ ሠሪ ልጅ አጠገቧ የሚቀመጥ ታጣለች። ዴል ቶሮ የሠራቸው ጭራቆች ከፊልሙ ውጭ ቤቱ የሚደበደብ ዘመድ የላቸውም። የኛው አለው።

አይሠራ ማለቴ ግን አይደለም። አቅጣጫው ይዙር ነው የምለው። ሮድ ሰርሊንግ «ዘ ትዋይላይት ዞን» በተባለው ተከታታዩ መጋቢት 1960 እ.ኤ.አ. አንድ ክፍል አሳይቶ ነበር፤ «ዘ ሞንስተርስ አር ዱ ኦን ሜፕል ስትሪት» ይባላል። አንድ ሰላማዊ ሰፈር ነው። ድንገት መብራት ይጠፋል፣ ስልክ ይቋረጣል፣ መኪና አይነሣም። አንድ ልጅ፣ ከመካከላችን ሰው መስለው የገቡ ባዕዳን አሉ ይላል። ከዚያ ጎረቤት ጎረቤቱን ማየት ይጀምራል። እሱ ሌሊት ለምን ውጭ ይቆማል? የእሱ ቤት መብራት ለምን ብቻውን በራ? ሳይነጋ ሰው ተገደለ፣ ድንጋይ ተወረወረ። ባዕዳኑ ኮረብታ ላይ ቆመው ያያሉ፤ መብራትና ማሽን ከማጥፋትና ከማብራት በስተቀር ያደረጉት ነገር የለም። መብራት የጠፋበት፣ ኔትዎርክ የተቋረጠበት፣ ሰው በጊዜ በሩን የሚዘጋበት ሰፈር ምን እንደሚመስል ለኛ ማንም አያስረዳንም። ይህንን ክፍል ለአክስቴና ለጎረቤታችን እየተረጎምኩ አሳይቻቸው ነበር። ማንም «ይበለው» አላለም። ጎረቤታችን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ልጁ ነው ያስጀመረው» አሉ። አክስቴ «ልጁ ምን ያድርግ፣ ሲያወሩ ሰምቶ ነው እንጂ» አለች። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ።

የኔ ፍላጎት እንዲህ ያለ የኛ ክፍል ማየት ነው። አንድ ልጅ ትኩሳት ይዞት ያድራል። «በልተውታል» ይባላል። ጭስ ያጨሱበታል፣ ያስለፈልፉታል፤ የማን ስም እንዲወጣ እንደሚፈለግ ሁሉም ያውቃል፣ ስሙም ይወጣል። ካሜራው ያኔ ከታማሚው ቤት ወጥቶ ስሟ የተጠራው ሴት ቤት ይግባ። በሩን ከውስጥ ስትቀረቅር፣ ልጆቿን ወደ ጓዳ ስታስገባ፣ ከሩቅ የሚመጣውን የሰው ድምፅ ስታዳምጥ እንይ። ጅቡ ይጩህ፣ ጭጋጉም ይውረድ፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ችቦ ይዘው የሚመጡት፣ ትናንት ምጣድ የገዟት ሰዎች ይሆናሉ።

ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራ፣ ከወለቃ፣ ከከተማውም ሽማግሌ ሲያወራ የሰማችሁት ታሪክ ካለ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ፤ እየሰበሰብኩ ነው፣ ጽሑፍ የሚሠሩ ሁለት ልጆችም አብረውኝ አሉ። የሰው ስምና የመንደር ስም አስቀሩ፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት። «በላች» ከተባለችው ሴት ወገን ሆኖ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ መጀመሪያ የምሰማው እሱን ነው።