አንድ በሽታ፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት ውሳኔ

በጽሕፈትና ቢሮ አስተዳደር ውስጥ እጁን የማይፈልግ ሰው የለምና ዛሬ ስለ እጅ ልጽፍላችሁ ነው።

እኔ የማታ ተማሪ ነኝ። ቀን ቢሮ እተይባለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ልብስ አጥባለሁ፣ እንጀራ እጋግራለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም ሌሊት እየነቃሁ እጆቼን ማራገፍ ጀመርኩ። ጣቶቼ ይደነዝዙና ጉንዳን የወረራቸው ይመስላሉ፤ ሳራግፋቸው ይተወኛል። እናቴ «ብርድ ነው፣ ወጌሻ ይሽልሽ» አለችኝ። ታሸሁ። ለአንድ ቀን ሻል ይለኝና ያው ይመለሳል። ቀኝ እጄ ብሶበት ብርጭቆ ሲያመልጠኝና የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተኝ ነው ሐኪም ቤት የሄድኩት። በሽታው ካርፓል ተነል ሲንድረም ይባላል አሉኝ።

ለመሆኑ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

እጅ አንጓችን ላይ፣ በመዳፍ በኩል፣ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወለሉና ግድግዳው ትናንሽ አጥንቶች፣ ጣሪያው ደግሞ እንደ መቀነት የተዘረጋ ጠንካራ ጅማት ነው። በውስጡ ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ሚዲያን የተባለው ነርቭ ያልፋሉ። ቦታው ስለማይሰፋ ውስጡ ትንሽ ካበጠ የሚጨፈለቀው ነርቩ ነው። ይህ ነርቭ አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ የመሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ያገለግላል። ትንሿ ጣት የሌላ ነርቭ ናት። እሷ ደህና ሆና ሌሎቹ ከደነዘዙ መጠርጠር ነው።

ብዙዎቻችን «ከታይፕ ነው» እንላለን። ኪቦርድ ብቻውን በሽታውን ያመጣል ለማለት ግን ማስረጃው ጠንካራ አይደለም። አጥብቆ መያዝን የሚደጋግም ሥራ፣ የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ፣ እርግዝና፣ ስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ እጢ መድከምና ከመጠን ያለፈ ውፍረት የበለጠ ይያያዙታል። በሴቶች ላይም ይበዛል። ለዚህ ነው ዶክተሩ በመጀመሪያ ደሜን ያስመረመሩኝ።

ያለ ቀዶ ሕክምና የሚሞከረው

ምልክቱ እየመጣ የሚሄድ ከሆነና ጡንቻው ካልከሳ በስፕሊንት ይጀመራል። ስፕሊንት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ሲሆን በተለይ ሌሊት ይታሰራል፤ ተኝተን አንጓችንን ስናጥፍ ነርቩ ይበልጥ ይጫናልና። አንድ ሳምንት ሞክሮ «አልሠራም» ማለት አይቻልም፤ ቢያንስ 6 ሳምንት ያህል ያስፈልጋል። ሌላው አንጓ ላይ የሚወጋ የስቴሮይድ መርፌ ነው። ቶሎ ያስታግሳል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ከወራት በኋላ ሕመሙ ይመለሳል፤ የስኳር ሕመምተኛ ከሆናችሁ ደግሞ ለጊዜው ስኳር ከፍ ስለሚያደርግ አስቀድማችሁ ተናገሩ። በእርግዝና የመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይለቃል።

ኦፕራሲዮኑስ?

ያ ጣሪያ የሆነው ጅማት ይቆረጥና ለነርቩ ቦታ ይለቀቅለታል፤ ይኸው ነው። እጅ ብቻ ይደነዝዛል፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይኬዳል። በኔዘርላንድ 176 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሁለቱን አወዳድሯል። ከ3 ወር በኋላ ቀዶ ሕክምና ከተመደበላቸው 80 በመቶ፣ ስፕሊንት ከተመደበላቸው 54 በመቶ ተሽሏቸዋል። ከ18 ወር በኋላ 90 እና 75 በመቶ ሆኗል፤ ከስፕሊንቶቹ ግን በመሃል ኦፕራሲዮን የተደረጉ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ኦፕራሲዮኑ ይበልጣል፤ ሆኖም በ3 ወር ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በስፕሊንት መሻላቸውም ቀላል ነገር አይደለም።

የእኔ ውሳኔ

ዶክተሩ «ግራሽ በስፕሊንት ይሞከር፣ ቀኝሽ ግን መጠበቅ የለበትም» አሉኝ። ግራዬ የሚደነዝዘው ሌሊት ብቻ ነበር። ቀኜ ግን ቀኑን ሙሉ ይደነዝዛል፣ ከአውራ ጣቴ ሥር ያለው ጡንቻም ከስቶ ጎድጉዷል። የነርቭ ምርመራውም ይህንኑ አሳየ። እናቴ «ነርቭሽን ቆርጠውሽ ሽባ ብትሆኚስ?» አለች። እኔም ፈራሁ። ነርቭ መጎዳትና ኢንፌክሽን ሊያጋጥሙ ይችላሉ፣ ግን ብዙ አይደሉም፤ የሚበዛው መዳፍ ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚቆይ ሕመም ነው። እውነቱን ለመናገር ግን የበለጠ ያሳሰበኝ ሥራዬ ነበር። ቀኝ እጄ ታስሮ ማን ይተይብልኛል? ፈተናስ? እንዲህ እያልኩ 8 ወር አሳለፍኩ።

ዛሬ ግራ እጄ ያለ ቢላ ደህና ነው። ቀኜም ከተሠራ በኋላ የሌሊቱ ስቃይ በሳምንት ውስጥ ጠፋ፣ መተየብም ችያለሁ። የከሳው ጡንቻ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ትንንሽ ቁልፍ አሁንም ያስቸግረኛል። ለረጅም ጊዜ የተጫነ ነርቭ ቦታ ቢለቀቅለትም ሁልጊዜ እንደ ድሮው አይሆንም። እኔ ኦፕራሲዮኑን ነበር የፈራሁት፤ መፍራት የነበረብኝ ግን መዘግየቱን ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር የጀመራችሁ ካላችሁ ሐኪማችሁን እነዚህን ጠይቁ፦ ነርቩ ምን ያህል ተጎድቷል? ጡንቻው ከስቷል? ስፕሊንቱን እስከ መቼ ልሞክር? ካልተሻለኝስ መቼ ልመለስ? የማይደነዝዘው ሰዓት አጥሮ ቀኑን ሙሉ ከሆነባችሁ ግን ቀጠሮ አታራዝሙ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።