የአፍንጫ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ውጤት እስኪረጋ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል

የአፍንጫን ቅርጽ ለማስተካከል የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በዓለም ላይ በብዛት ከሚከናወኑት የውበት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው። ቀዶ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚጠናቀቅ ሲሆን፣ ውጤቱ እስኪረጋ ግን አንድ ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ መታገሥን ይጠይቃል። ይህን አስቀድሞ ያልተረዳ ታካሚ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመስታወት የሚያየውን መልክ የመጨረሻው አድርጎ ይወስዳል። ብዙ ጭንቀት፣ አልፎ አልፎም ያለጊዜው የሚደረግ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና፣ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

መዘግየቱ ከሕክምናው ባሕርይ የሚመጣ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኦርላንዶ ሮ እ.ኤ.አ. በ1887፣ ጀርመናዊው ዣክ ዮሴፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1898 በበርሊን የዘመናዊውን የአፍንጫ ማስተካከያ መሠረት ከጣሉ ወዲህ ስልቱ እጅግ ቢሻሻልም፣ አንድ ነገር አልተለወጠም። ሐኪሙ የሚቀርጸው ከቆዳው ሥር ያለውን አጥንትና ለጋ አጥንት ወይም ካርቲሌጅ ነው። ቆዳው በአብዛኛው እንዳለ ይመለሳል። የድንኳን ምሰሶ ባጠረ ጊዜ ሸራው እንደሚረግብ ሁሉ፣ ከሥሩ ያለው አካል የተቀነሰበት ቆዳም ተሰብስቦ በአዲሱ ቅርጽ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ጊዜ ያስፈልገዋል። ይህን የሚፈጽመው የሐኪሙ ቢላዋ ሳይሆን የሰውነት የራሱ የመዳን ሂደት ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አፍንጫው ከላይ በጠንካራ መደገፊያና በፕላስተር ተሸፍኖ ይቆያል። አጥንቱ ተቆርጦ እንዲጠብ የተደረገ ከሆነ በዓይኖች ዙሪያ ያለው ቆዳ ይበልዛል። እብጠቱ ከፍተኛ ደረጃ የሚደርሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢ ነው። በዚህ ወቅት ጭንቅላትን በትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት፣ አፍንጫን አለመናፈጥ፣ ማስነጠስ ሲመጣም አፍን ከፍቶ ማስነጠስ ይመከራል። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አስፕሪንና መሰል መድኃኒቶችን መውሰድ ደም እንዲፈስ ስለሚያደርግ ክልክል ነው። ሲጋራና ሺሻም ቀጫጭን የደም ሥሮችን በማጥበብ ለቆዳው የሚደርሰውን ደም ይቀንሳሉ።

የአፍንጫ መታፈን በራሱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም ቀዳዳዎች ፈጽሞ ተዘግተው ሕመሙ እየበረታ ከሄደ፣ በተለይም ትኩሳት ከታከለበት፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መሄድ የግድ ነው። ሁለቱን ቀዳዳዎች በሚለየው ግድግዳ ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። የግድግዳው ለጋ አጥንት ምግቡን የሚያገኘው ከሸፈነው ስስ ሽፋን በመሆኑ፣ ደሙ ሽፋኑን ከለጋ አጥንቱ ከለየው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞትና አፍንጫው ሊሰረጉድ ይችላል። በፍጥነት ከተደረሰበት ግን ደሙን ማውጣት ቀላል ሕክምና ነው። የማይቆም ነስርም እንዲሁ ቀን አይሰጥም።

መደገፊያው አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ ይነሣል። ታካሚው በጉጉት የሚጠብቀው ቀን ይህ ቢሆንም፣ የሚያየው አፍንጫ ያበጠ፣ ሰፋ ያለና ጫፉም ከታሰበው በላይ ወደ ላይ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ፈገግ ሲል የላይኛው ከንፈሩ ደረቅ ይልበታል፤ የአፍንጫውን ጫፍ ሲነካው ደንዝዟል። ብዙዎች የሚደነግጡት በዚህ ጊዜ ነው። ሐኪሞች አስቀድመው ያልተናገሩ እንደሆነ ደግሞ ድንጋጤው ወደ ጸጸት ይለወጣል።

በቀዶ ሕክምናው ወቅት ፈሳሽን ከቆዳ የሚመልሱት ቀጫጭን የደም ሥሮችና የሊምፍ መስመሮች በከፊል ይቆረጣሉ። እነርሱ እንደገና እስኪያድጉ ድረስ ፈሳሹ በቆዳው ውስጥ ይቆያል። የላይኛው የአፍንጫ ክፍል ቆዳ ስስ ስለሆነ ቀድሞ ይጎድላል፤ የጫፉ ቆዳ ወፍራም በመሆኑ መጨረሻ ላይ ይቀራል። በመሆኑም አፍንጫው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከግንባር በኩል ሲጠብ፣ ጫፉ ግን እንደ ድቡልቡል ሆኖ ሊታይ ይችላል። ቆዳቸው ወፍራምና ወዛም የሆኑ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መጠበቅ አለባቸው። እብጠቱ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል፤ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ ጨምሮ፣ ቀኑን ሙሉ ከቆሙ በኋላ ጎድሎ ይገኛል። አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ሊጎድል ስለሚችልም አፍንጫው ለጊዜው የጠመመ ይመስላል። በየቀኑ ፎቶግራፍ እያነሡ ማወዳደር፣ ዛሬ ብዙዎች እንደሚያደርጉት፣ ጭንቀትን ከመጨመር በቀር የሚያስረዳው ነገር ጥቂት ነው። በየሦስት ወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃንና አቅጣጫ የተነሣ ፎቶግራፍ የተሻለ ይናገራል።

የተቆረጠው አጥንት ለመጋጠም ስድስት ሳምንት ያህል የሚወስድበት በመሆኑ፣ እስከዚያው ድረስ መነጽር በአፍንጫ ላይ እንዳይጫን፣ ኳስና ሌሎች ግጭት ያለባቸው ስፖርቶችም እንዲቀሩ ይደረጋል። በቆዳው ሥር የሚፈጠረው ጠባሳ በበኩሉ መጀመሪያ ይጠነክራል፤ ከወራት በኋላም እየለሰለሰና እየተሰበሰበ ይሄዳል።

ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ከአንድ ዓመት በፊት እንዲደረግ አብዛኞቹ ባለሙያዎች የማይስማሙት ለዚህ ነው። በጠነከረና ባበጠ አካል ላይ የሚሠራ ሐኪም ትክክለኛውን ቅርጽ ማየት አይችልም። እያንዳንዱ ቀዶ ሕክምናም አዲስ ጠባሳ ይጨምራል፤ ለመጠገኛ የሚያገለግለው የአፍንጫ ለጋ አጥንትም አልቆ ከጆሮ ወይም ከጎድን መውሰድ ግድ ሊሆን ይችላል። ከጫፉ በላይ ጠንካራ እብጠት የቀረ እንደሆነ፣ ሐኪሙ ሌሊት ሌሊት ፕላስተር እንዲለጠፍ ሊያዝዝ፣ ወይም መጠኑ ያነሰ የስቴሮይድ መርፌ ሊሰጥ ይችላል። መርፌው ከበዛ ቆዳውን ስለሚያሳሳ የልምድ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ሕክምና እንደ ቱርክና ኢራን ወዳሉ አገሮች የሚጓዙ ሰዎች በርካታ ናቸው። መደገፊያው በተነሣ በቀናት ውስጥ ወደ አገሩ የሚመለስ ታካሚ፣ ረጅሙን የመዳን ጊዜ የሚያሳልፈው ቀዶ ሕክምናውን ካደረገለት ሐኪም ርቆ ነው። ከጉዞው በፊት በዋጋ ላይ ብቻ ከመነጋገር ይልቅ፣ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር ማን እንደሚያየው፣ ችግር ቢፈጠር ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ መጠየቅ ይበጃል። ምን እንደተቆረጠና ምን እንደተጨመረ የሚገልጸውን የቀዶ ሕክምና ሪፖርት ይዞ መመለስም ኋላ ለሚያክመው ሐኪም ትልቅ ሥራ ያቃልላል።

ለውጡ በአንድ ዓመት ፈጽሞ የሚቆምም አይደለም። ቆዳ በዕድሜ ሲሳሳ ቀድሞ ያልታዩ ጉብታዎች ብቅ ሊሉ፣ ድጋፉ የተዳከመ ጫፍም ሊወርድ ይችላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብዙ አጥንትና ለጋ አጥንት የማስወገድ ልማድ በነበረበት ጊዜ ከተሠሩት አፍንጫዎች አንዳንዶቹ ከዓመታት በኋላ ጎናቸው ሰርጉዶ መተንፈስን አስቸግረዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ሺን እ.ኤ.አ. በ1984 በግድግዳውና በጎኖቹ መካከል ቀጭን የለጋ አጥንት ቁራጭ በማስገባት መተንፈሻውን የሚያሰፋ ስልት አሳተመ። ይህ ስልት ዛሬ በመላው ዓለም ይሠራበታል፤ ዓላማውም አፍንጫው በዓመታት ርዝመት ድጋፉን እንዳያጣ ማድረግ ነው።