ተጨማሪ መረጃ፦ አልወጣም ያለ ካምሻፍት

ካምሻፍት በላዩ ባሉት ሞላላ ጉብታዎች ቫልቮችን የሚከፍት ዘንግ መሆኑን ተምራችኋል። አሮጌ የትራክተር ሞተር ስታድሱ ግን ይህ ዘንግ አልወጣም ብሎ ሊያስቸግራችሁ ይችላል። ለመዶሻ አትቸኩሉ! ብዙውን ጊዜ የያዘው ዝገት ሳይሆን ያልተፈታ ዕቃ ነው። ከካምሻፍቱ ማርሽ ኋላ ያለችውን ማገጃ ሳህን ተመልከቱ፤ በብዙ ሞተሮች ብሎኖቿ የሚፈቱት በማርሹ ቀዳዳዎች በኩል ነው።

ይበልጥ የሚያታልለው ታፔት ነው። ታፔት የጉብታውን ግፊት ወደ ቫልቩ የሚያስተላልፍ ትንሽ ብረት ነው። በአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች እግሩ እንደ እንጉዳይ ስለሚሰፋ ወደ ላይ ተመዝዞ አይወጣም፤ ወደ ታች ተንጠልጥሎም የዘንጉን መንገድ ይዘጋል። መፍትሔው ሞተሩን በማቆሚያው ላይ መገልበጥ ነው፤ ታፔቶቹ በራሳቸው ክብደት ከዘንጉ ይርቃሉ። ቫልቮቹ በብሎኩ ውስጥ ባሉባቸው እንደ ፎርድ 8ኤን (እ.ኤ.አ. 1947–1952) ባሉ ትራክተሮች ግን ቫልቮቹ ቀድመው ይወጣሉ። ከዚያ ዘንጉን እያዞራችሁ በቀስታ ሳቡት፤ የጉብታዎቹ ጠርዝ ኩሽኔታውን እንዳይቧጭረው።

ሞክሩ፦ በወርክሾፓችሁ የፊት ክዳኑ የተነሳ ሞተር ካለ፣ የክራንክሻፍቱንና የካምሻፍቱን ማርሽ በጠመኔ ምልክት አድርጉባቸው። ክራንክሻፍቱን በእጅ 2 ዙር አዙሩ። ካምሻፍቱ ስንት ጊዜ ዞረ?