ሃርድ ዲስክን ከመንቀል በፊት፦ ስለ አነቃቀልና አጠፋፍ ሥርዓት አጭር ማብራሪያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ነው። ይኸውም በየእጃችን የሚገኘው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከኮምፒዩተር ሲነቀል በውስጡ ምን እንደሚካሄድ አስረድቶ ትክክለኛውን የአነቃቀል ሥርዓት ማመልከት ነው። ጉዳዩ ጥቃቅን ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በባዕድ አገር የሚማር ኢትዮጵያዊ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ከአገር ቤት በብዙ ድካም ያሰባሰበውን የጥናት መረጃና የቤተሰቡን ፎቶግራፍ የሚያኖረው ብዙውን ጊዜ በአንዲት ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ስለዚህ ነገሩ የወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ልፋት ጉዳይ ነው።

በሪያድ ከተማ በሱለይማኒያ ሠፈር ለምንኖር ተማሪዎች የኮምፒዩተር ዕቃ ሩቅ አይደለም፤ በአጎራባቹ በኡለያ የኮምፒዩተር ሱቆች አሉ። ሃርድ ዲስክ ቢበላሽ ሌላ መግዛት ይቻላል። በውስጡ የነበረው ጽሑፍ ግን ከሱቅ አይገኝም።

አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች «ኮፒው አልቋል ካለ ገመዱን ስቦ ማውጣት ምን ይጎዳል?» ሲሉ ይሰማል። ይህ አስተያየት ከፊል እውነት አለው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ካወጣው የዊንዶውስ 10 ዕትም (1809) ጀምሮ ዊንዶውስ ለውጫዊ ዲስክ የሚላከውን ጽሑፍ በሜሞሪ እንዳያቆይ ተደርጓል። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነስቶ «ሥርዓቱ አያስፈልግም» ብሎ መደምደም በሦስት ምክንያቶች ስሕተት ነው።

ሀ/ ያልደረሰ ጽሑፍ። የኮምፒዩተር ሜሞሪ ከዲስክ በእጅጉ ይፈጥናል። በመሆኑም ማክና ሊኑክስ፣ እንዲሁም አሠራሩ የተቀየረበት ዊንዶውስ፣ ጽሑፉን በሜሞሪ ይዘው ቆይተው በኋላ ወደ ዲስኩ ይልኩታል። ዲስኩም ቢሆን የራሱ ጊዜያዊ ሜሞሪ አለው። ደብዳቤ ፖስታ ሣጥን ውስጥ መግባቱ ለተቀባዩ ደረሰ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ፣ በስክሪኑ ላይ «አልቋል» መባሉም ጽሑፉ ዲስኩ ላይ ዐርፏል ማለት አይደለም።

ለ/ ያልተዘጋ መዝገብ። እያንዳንዱ ፋይል ዲስኩ ላይ የት እንደሚገኝ የሚያመለክት መዝገብ አለ። መዝገቡ ሲጻፍ ገመዱ ከተነቀለ መዝገቡና ፋይሉ አይጣጣሙም። ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ. የተባለው አደረጃጀት የመዝገቡን ለውጦች አስቀድሞ ስለሚያሰፍር መዝገቡን መልሶ ሊያስተካክል ይችላል፤ የጠፋውን የፋይል ይዘት ግን አይመልስም። ብዙዎቻችን በዊንዶውስና በማክ መካከል ለመመላለስ የምንመርጠው ኤክስፋት ደግሞ ይህ መከላከያ የለውም። አንድ ሙሉ ፎልደር በቅጽበት የማይነበብ ሊሆን ይችላል።

ሐ/ የሚሽከረከረው አካል። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሴኮንድ 90 ጊዜ ይዞራል። የሚያነብና የሚጽፈው ጭንቅላት ከዲስኩ ገጽ በጥቂት ናኖሜትር ብቻ ርቆ ይንሳፈፋል፤ የሰው ጸጉር ውፍረት ግን በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ናኖሜትር ይለካል። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ መሣሪያው ከዲስኩ ሽክርክሪት የተረፈውን ጉልበት ተጠቅሞ ጭንቅላቱን ወደ ማረፊያው ይወረውራል። ይህ የአደጋ ጊዜ ዘዴ ስለሆነ አዘውትሮ ሲደጋገም መሣሪያውን ያደክመዋል። በተጨማሪም ዲስኩ ኃይል ካጣ በኋላ ለጥቂት ሴኮንዶች መዞሩን ይቀጥላል። ነቅሎ ወዲያው ቦርሳ ውስጥ የሚወረውር ሰው ዲስኩን የሚያናውጠው በዚህ ሰዓት ነው። ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ይህ ሦስተኛው ነጥብ አይመለከተውም፤ የቀሩት ሁለቱ ግን እኩል ይመለከቱታል።

ከዚህ በመነሳት ሊሠራበት የሚገባው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦

አንደኛ፣ ከዲስኩ የተከፈቱትን ፋይሎች ሁሉ ሴቭ አድርጎ መዝጋት።

ሁለተኛ፣ የመንቀያ ትእዛዝ መስጠት። ይህ በዊንዶውስ «ሴፍሊ ሪሙቭ ሃርድዌር»፣ በማክ «ኢጀክት» ይባላል። በሊኑክስ «አንማውንት» እና «ፓወር ኦፍ» ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። የመጀመሪያው መዝገቡን ብቻ ይዘጋል፤ ዲስኩ መዞሩን ሊቀጥል ስለሚችል ሁለተኛውንም መስጠት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ፈቃዱ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ገመዱን መንቀል፣ ከዚያም ከማንሳት በፊት ግማሽ ደቂቃ ያህል ባለበት መተው። የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቅ ዲስክ ከሆነ ከግድግዳው ሶኬት የሚነቀለው በመጨረሻ ነው።

አራተኛ፣ «ዲስኩ በሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ ከመጣ ጉልበት አለመጠቀም። ፕሮግራሞቹን ዘግቶ እንደገና መሞከር፤ እምቢ ካለ ኮምፒዩተሩን ማጥፋትና ከዚያ መንቀል። ኮምፒዩተሩን በስሊፕ ማስተኛት ማጥፋት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ስለ ኤሌክትሪክም አንድ ነገር መጨመር ያሻል። በሪያድ ቤቶች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የነበረው 127 ቮልት ሲሆን፣ የሳዑዲ መንግሥት ቀስ በቀስ ወደ 230 ቮልት ለመሸጋገር የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። የአገራችን 220 ቮልት ነው። ስለዚህ አዳፕተር ያለው ዲስክ ይዞ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው በአዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል መጻፉን አስቀድሞ ይመልከት። አገር ቤት መብራት በድንገት ሊጠፋ ስለሚችል ሥራ ያለቀበትን ዲስክ ተሰክቶ አለመተው ይበጃል። ሙቀትም ሌላው ጠላት ነው። የብዙ ውጫዊ ሃርድ ዲስኮች መግለጫ በሥራ ጊዜ የሚፈቅደው የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ የሪያድ በጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ዲስክን በቆመ መኪና ውስጥ መተው ጨርሶ የማይገባ ነው።

በመጨረሻም፣ ሥርዓቱ የሚያድነው በነቀላ ጊዜ ከሚደርስ ጉዳት እንጂ ከስርቆት፣ ከመውደቅና ከእርጅና አይደለም። ስለሆነም የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው ሁሉ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ቦታ እንዲያስቀምጥ እናሳስባለን። ይህንንም አዲስ ለሚመጡ ተማሪዎች እያንዳንዳችን ብንነግራቸው ብዙ ልፋት ከመጥፋት ይድናል።