የፊኛ ሕመምና ካይሮፕራክቲክ፦ የእጅ ሕክምና የሚረዳው እስከ የት ነው?

በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክፍለ ሀገር፣ በደማምና በኮበር፣ አል ዐዚዚያን በመሰሉ ሰፈሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የፊኛ ሕመም ለሌላ ሰው በቀላሉ የሚነገር ችግር አይደለም። ሕመሙ ግን እንቅልፍንና ሥራን ብቻ ሳይሆን ውዱእንና ሶላትንም ስለሚያውክ ተሸሽጎ አይዘልቅም። የወገብ ሕመም ሲደረብበት ደግሞ መፍትሔውን ከካይሮፕራክቲክ፣ ማለትም አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ ከሚያስተካክል ሕክምና የሚፈልጉ አሉ።

ሙያው እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ በዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ተጀመረ። ፓልመር አብዛኛው በሽታ ከአከርካሪ መዛነፍ ይመነጫል ብሎ ያስተምር ነበር። ዘመናዊው ሳይንስ ይህን አልተቀበለውም፤ ዛሬ ሙያው በዋነኛነት የሚታወቀው በወገብና በአንገት ሕመም ነው። የአገር ቤቱን ወጌሻ ቢያስታውስም በትምህርት የሚገኝ ሙያ ነው፤ በሳዑዲም ከጤና ሙያዎች ኮሚሽን ፈቃድ ይጠይቃል።

በአከርካሪና በፊኛ መካከል ዝምድና መኖሩ እውነት ነው። ፊኛን የሚያዙት ነርቮች በከፊል የሚወጡት ከአከርካሪው የታችኛው ክፍል ነው። ፊኛን ከሥር የሚደግፉት የዳሌ ወለል ጡንቻዎችም ከዚያው አካባቢ አጥንት ጋር የተያያዙ ናቸው። እነዚህ ጡንቻዎች ሳይላሉ ተወጥረው ሲቆዩ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ሲወርድ ይቆራረጣል፣ ከእምብርት በታችም ያማል። ሆኖም አከርካሪን ማንቋቋት የፊኛን ሕመም እንደሚፈውስ የሚያረጋግጥ በቂ ጥናት የለም።

የተሻለ ማስረጃ ያለው የዳሌ ወለል ጡንቻዎችን በእጅ ለማላላት በሚሰጠው ፊዚዮቴራፒ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት የፊኛ ሕመም ያለባቸው 81 ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። ይህን ሕክምና ካገኙት 59 በመቶው፣ መላ ሰውነታቸውን ብቻ ከታሹት ደግሞ 26 በመቶው መሻሻላቸውን ገልጸዋል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያም ሕክምናውን ይደግፋል፤ እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጡንቻን የሚያጠነክረውን የኬግል እንቅስቃሴ እንዲተዉ ግን ያሳስባል። ይኸው እንቅስቃሴ ሲያስሉ ወይም ዕቃ ሲያነሱ ሽንት ለሚያመልጣቸው የሚመከር ነው። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ሕመም ሊሆን ይችላልና የችግሩን ዓይነት መለየት ይቀድማል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የሐኪም ምርመራና የሽንት ምርመራ ነው። ኢንፌክሽን፣ ጠጠር፣ የስኳር ሕመም፣ በወንዶችም የፕሮስቴት ማበጥ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ አንዳቸውም አከርካሪን በማስተካከል አይድኑም። በሽንት ውስጥ ደም ከታየ ቀጠሮ ማራዘም አይገባም። የዳሌ ወለል ሕክምና የኀፍረት አካባቢን መመርመር ስለሚጠይቅ ሴት ታካሚ ሴት ባለሙያ ትመድቡልኝ ብላ መጠየቅ ትችላለች። ለጤና ምክር የጤና ሚኒስቴር የ937 ስልክ መስመር አለ።

ከሁሉ በላይ አስቸኳይ የሆነ ሁኔታም አለ። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት ድንገት እምቢ ካለ ወይም ሳይታወቅ ከፈሰሰ፣ በጭን መሃልና በመቀመጫ ዙሪያ ስሜት ከጠፋ፣ እግርም ከደከመ፣ በአከርካሪው ታችኛ ክፍል ያሉ ነርቮች ተጨፍልቀው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ወገብን ማሳሸት አደገኛ ነው፤ በ997 የቀይ ጨረቃን አምቡላንስ ጠርቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ሕክምናው ከዘገየ ጉዳቱ ዘላቂ ይሆናል።

ሽንትን አዘውትሮ መያዝና በሙቀቱ ውኃ አለመጠጣት ችግሩን ያባብሳሉ። ሽንት እየታገሉ መስገድ በፊቅህ ሊቃውንት ዘንድ የተጠላ ነው። ሽንቱ ያለማቋረጥ ለሚፈስበት ሰው ደግሞ ብዙዎቹ ሊቃውንት የሶላት ወቅት ሲገባ ታጥቦና ራሱን ጠብቆ፣ ውዱእ አድርጎ እንዲሰግድ ፈቅደዋል። ዲኑ ለታማሚው ያቀለለለትን፣ ታማሚው በዝምታ በራሱ ላይ ሊያከብደው አይገባም።